ሽብሩ የማን ልጅ ነው

ሽብሩ የሚባለውን ሰውዬ አያቶቻችን እንኳ በዓይናቸው አላዩትም። ፎቶ የለው፣ መቃብሩን ለይቶ የሚያሳይ የለ፣ ቁመቱ ይርዘም ይጠር የሚያውቅ የለ። በዚያ እሁድ ከሰዓት በኋላ ግን ቡታጅራ ውስጥ፣ እትዬ ተናኘወርቅ ሳሎን ተሰብስበው ስለ እሱ ሲጯጯሁ የሰማ መንገደኛ፣ ሰውዬው ጠዋት ገበያ ወጥቶ ሳይመለስ የቀረ ይመስለው ነበር።

ማስተዋል ከጓዳው በር አጠገብ ተቀምጣ ጥርሷን ነክሳ ታዳምጣለች። በልማዱ እሷ እዚያ መገኘት አልነበረባትም፤ ዘር ሲቆጠር ሙሽራ አትቀመጥም። «የሚቆጠረው የኔ ዘር፣ የሚቀረውም የኔ ሰርግ ነው» ብላ ድርቅ ስላለች ሽማግሌዎቹ እንዳላዩ ሆነው አለፏት።

ሰርጉ ለጥር ተቆርጧል። የምታገባው ቴዲን ነው። ቴዲ እዚያው ቡታጅራ የመስኖ ፓምፕ ይሸጣል፣ የተበላሸም ይጠግናል፤ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ፣ ነገር የማያከብድ ልጅ ነው። እሷ ደግሞ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ሎጂክ ታስተምራለች። ሁለቱም ሥራቸውን ይዘዋል፣ ሁለቱም ሠላሳን ተሻግረዋል፣ ሁለቱም ይዋደዳሉ፤ የቀራቸው የሽማግሌ ቃል ብቻ ነበር። ቄሱ «የሁለታችሁ ዘር እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ አይገናኙም ካልተባለ ተክሊል የለም» ብለው ነገሩን ቆልፈውታል። ቆጠራውን ሰምተው ቃሉን እንዲሰጡ የተጠሩት አቶ ተካ ናቸው። ከሁለቱም ቤተሰብ አይደሉም፤ ሰው በማስታረቅ ያረጁ፣ ምርቃታቸውን በቀላሉ የማያወጡ ሰው ናቸው።

ቆጠራው እስከ አምስተኛው ቤት በሰላም ሄደ። ስድስተኛው ላይ ዘርጋ የሚባል ሰው ብቅ አለና ሁሉም ነገር ተበላሸ።

«ዘርጋ ይርዳውንና ሽብሩን ወለደ» አሉ ጋሽ ደበሌ። ጋሽ ደበሌ የማስተዋል አባት ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ወላጆቿን በልጅነቷ ስላጣች ቡኢ ቤታቸው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። «እኛ ከይርዳው ነን፣ እነ ቴዲ ከሽብሩ። ስድስተኛው ላይ እንገናኛለን። ደስ ብሎኝ አይደለም የምናገረው።»

«ውሸት ነው!» አሉ እትዬ ተናኘወርቅ፣ የቴዲ አያት እህት። ቴዲም እሳቸው እጅ ነው ያደገው። «ዘርጋ ሽብሩን አሳደገው እንጂ አልወለደውም። በክፉ ቀን ከመንገድ ዳር ያነሳው ልጅ ነው። ይህንን አያቴ ነግራኛለች።»

«የማን አያት?»

«የኔ አያት! ያንተማ አያት ምን አግብቷት!»

አቶ ተካ እጃቸውን ከፍ አድርገው ዝም አሰኟቸው። ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን ነገር አነሱ። «ከኮረብታው ሥር ባለው መሬት የተጣላችሁ ጊዜ ዳኛችሁ እኔ ነበርኩ። ረስታችሁት እንደሆነ ላስታውሳችሁ። ያኔ አንተ ደበሌ ‹ሽብሩ የማደጎ ልጅ ነው፣ ዘሮቹ ከዘርጋ መሬት ድርሻ የላቸውም› ብለሃል። አንቺ ተናኘ ደግሞ ‹ሽብሩ የዘርጋ የአብራኩ ክፋይ ነው፣ ድርሻችንን ስጡን› ብለሽ መሬት ላይ ተንከባለሻል። ዛሬ አንተ የሷን፣ እሷ ያንተን ቃል ይዛችሁ መጣችሁ። የትኛውን ልያዝ?»

ማስተዋል ይህን አታውቅም ነበር። ጋሽ ደበሌን አየቻቸው፤ እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። እትዬ ተናኘወርቅ ግን የሚያፍሩ ሴት አይደሉም። «ያኔ መሬት ነበር፣ አሁን ልጅ ነው» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ የለየለት ገበያ ሆነ። አንዱ የቴዲ አጎት ብድግ ብሎ «ደበሌ ያኔ ከዋሸ የመሬቱ ፍርድ ፈርሷል፣ መሬታችን ይመለስ!» አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ መሬቱ ላይ የተቆፈረው ጉድጓድ ውኃም የእነሱ እንደሆነ አስታወቀ። ከማስተዋል ወገን የመጣ አንድ ዘመድ «ሽብሩ የዘርጋ ልጅ ካልሆነ ይርዳውስ ስለመሆኑ ማን አየ?» ብሎ የገዛ ዘሩን ገደል ከተተው። አንዲት ሴት ይህ ቆጠራ ከፈረሰ አምና የተዳረችው የእህቷ ልጅ ትዳርም እንደሚፈርስ አስልታ ማልቀስ ጀመረች። ሻይ ቀርቦ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ። ማን ማንን ያገባል ብሎ የተሰበሰበ ሰው የቀበሌ የውኃ ቧንቧ በማን በር ይለፍ በሚል ተያይዞ ቁጭ አለ።

የማስተዋል ደም ፈላ። አንድ ሰው ቢያብድ እብድ ነው ተብሎ ይታለፋል፤ እሷን ያናደዳት ግን ይህ ሁሉ ሰው አለማበዱ ነበር። ሁሉም በየራሱ በትክክል ነው የሚያስበው። አንድን ነገርና ተቃራኒውን አብረህ ከተቀበልክ ከዚያ ወዲያ የፈለግከውን መደምደም ትችላለህ፤ ይህንን እኮ በየዓመቱ ለተማሪ ታስተምራለች!

«በቃ» አሉ አቶ ተካ በመጨረሻ። «ሁለት ዓይነት በሆነ ቃል ላይ ምርቃት አላወጣም። ተነጋገሩና አንድ ቃል ይዛችሁ ጥሩኝ። ካልሆነ እኔ የለሁበትም።»

ቴዲ እስከ መናኸሪያው ሸኛት። እጁን ኪሱ ከቶ ጠጠር እየረገጠ ይሄዳል።

«ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈራረም» አለችው። «ሕጉ ስድስት ቤት ምናምን አያውቅም። በስድስት ትውልድ ውስጥ ምን የሚቀር ደም አለ? ከማንኛውም መንገደኛ ጋር ያን ያህል እንዛመዳለን።»

«ማስቲ፣ እትዬ ሳትመርቀኝ? ሼም ነው። ቀና ብዬ የማያት ይመስልሻል?»

«እሷማ ልትመርቅህ ፈቃደኛ ናት!»

«አቶ ተካ ካልመረቁ አትመርቅም። ታውቂያታለሽ።» ከዚያ ሳቅ ለማለት ሞከረና አልሆነለትም። «በቃ አታካብጂው። የሆነ መላ አይጠፋም።»

«አይጠፋም» አለች ማስተዋል። «ለኔ ተወው። ሥራዬ እኮ ነው።»

ይህን ያለችው እውነቷን ነበር። ለዓመታት የደከመችበት ጥናት ሰዎች ሲወያዩ ስለሚናገሯቸው የሚጋጩ ነገሮች ነው። አንድ ስብሰባ ላይ አንዱ «ነው» ሌላው «አይደለም» ሲል፣ ውይይቱ በሙሉ ሳይፈርስ እንዴት ማሰብ ይቻላል የሚል ነው ጥያቄው። ለዚህ የሚሆን ፕሮግራምም ሠርታለች። በሚኒባሱ መስኮት የጉመርን ደጋ፣ የአረቅጥን ብርድ እያየች ስትሄድ ቁጣዋ ቀስ በቀስ ወደ ጉጉት ተለወጠ። ሰው ሁሉ የራሱን ሙያ ለራሱ ችግር ማዋል አለበት፤ ልብስ ሰፊ የራሱን ቀሚስ ይሰፋ የለ? አታት ስትደርስ ሰርጉን በሐሳቧ ጨርሳው ነበር።

በማግስቱ ክፍል ገብታ ትምህርቱን በነገሩ ጀመረች። «‹ዛሬ ዘንቧል› እና ‹ዛሬ አልዘነበም› የሚሉትን ሁለቱንም እውነት ናቸው ብዬ ልቀበል። በድሮው ሎጂክ ከዚህ ተነስቼ ወልቂጤ በባሕር ዳርቻ ያለች ወደብ ናት ብዬ ማረጋገጥ እችላለሁ። እንዴት?» ሰሌዳው ላይ ደረጃ በደረጃ አሳየቻቸው። «‹ዘንቧል› እውነት ከሆነ ‹ወይ ዘንቧል ወይ ወልቂጤ ወደብ ናት› የሚለውም እውነት ነው። አይደል? ግን ደግሞ አልዘነበም ብለናል። እንግዲህ ምን ቀረ? ወደቡ ቀረ።»

ፈትሂያ የምትባል የፊት ወንበር ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ እንደዚህ የሚያስብ ሰው ግን በእውነት አለ?»

«ቡታጅራ ሞልቷል» አለች ማስተዋል። ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ከሰዓት ቢሮዋ ተቀምጣ እሁድ የተባለውን ሁሉ ወደ ፕሮግራሟ አስገባች። የፕሮግራሙ አሠራር ሲነገር ቀላል ነው። የሚጋጩትን ቃሎች አንድ ላይ አያስቀምጥም፤ አብረው መኖር የሚችሉትን በየቡድናቸው ይለያቸዋል። ከዚያ በሁሉም ቡድን ውስጥ እውነት ሆኖ የሚገኘውን ብቻ ይቀበላል። ወደብ የለም፣ ቧንቧ የለም፣ የሌላ ሰው ትዳር አይፈርስም። እንዲህ ዓይነት ጨዋ መሣሪያ ነው።

መሣሪያው እንደ ልማዱ በጨዋነት መለሰ። ዘርጋ የሚባል ሰው ነበር፤ እውነት። ሽብሩ በዘርጋ ቤት አደገ፤ እውነት። የቀበሌው ቧንቧ፤ ከዚህ ጋር ግንኙነት የለውም። ማስተዋልና ቴዲ ይዛመዳሉ ወይ? አልታወቀም። አይዛመዱም ወይ? እሱም አልታወቀም።

ደግማ አስገባች። አልታወቀም። አንዱን ዓረፍተ ነገር በሌላ አነጋገር ቀይራ አስገባች። አልታወቀም።

«የት አባትህ ነው የማይታወቀው!» ብላ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው።

ከፊት ለፊቷ የሚቀመጠው ሙሀይሚን ከኮምፒውተሩ ቀና አለ። ሁለት ዓመት አብረው አንድ ቢሮ ተጋርተዋል፤ እሱም የዚያው ትምህርት ክፍል መምህር ነው። ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አወራችለት።

«ታዲያ ምን በደለሽ?» አለ ሰምቷት ሲያበቃ። «በማይታወቅ ነገር ላይ አላውቅም አለ። ይህን እንዲል አይደል የሠራሽው?»

«የፈለገውን እንዳይቀባጥር ነው የሠራሁት! ምንም እንዳይል አይደለም። ሙሀይሚን፣ እነዚያ ሰዎች እኮ ከዚህ ይሻላሉ። እነሱ ቢያንስ የሆነ ነገር ላይ ይደርሳሉ።»

«እንግዲያው ቃሎቹን መዝኛቸው። ሁሉም ቃል እኩል አይደለም ብለሽ ራስሽ ጽፈሻል።»

ጽፋለች። እንዲያውም በጥናቷ ከሁሉ የምትኮራበት ክፍል እሱ ነበር። ለራሱ ጥቅም የተናገረ ሰው ቃል ይቀላል፤ የገዛ ጥቅሙን የሚጎዳ ነገር የተናገረ ሰው ቃል ይከብዳል። ቃሎች ሲጋጩ ቀላሉ ለከባዱ ይለቃል።

ማስተዋል ክብደት መስጠት ጀመረች። ጋሽ ደበሌ ያኔ ስለ መሬቱ፤ ለጥቅም የተነገረ፣ ቀላል። እትዬ ተናኘወርቅ ያኔ ስለ መሬቱ፤ እሱም ቀላል። እትዬ ተናኘወርቅ አሁን፤ ቴዲን መዳር ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ ቀላል። ጋሽ ደበሌ አሁን።

እዚህ ላይ ጣቷ ቆመ። ይህን ሰርግ ከጋሽ ደበሌ በላይ የሚፈልግ ሰው የለም። ጥቁር ሙሉ ልብስ ልክ አስለክተዋል። ገና ሳይለመኑ ለድንኳኑ የሚሆነውን ብረት ከሱቃቸው ለይተው አስቀምጠዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ እሷን ይወዳሉ። ታዲያ ሰው ፊት ቆመው የገዛ ልጃቸውን ሰርግ የሚያፈርስ ቃል ለምን ይናገራሉ? አንድ ምክንያት ብቻ ነው ያለው፤ እውነት ይመስላቸዋል።

ቁልፉን ሳትጫነው መልሱን አወቀችው። ኮምፒውተሩን ዘጋችው።

«ምን አለ?» አለ ሙሀይሚን።

«ተበላሽቷል።»

ሙሀይሚን አያት። «አልተበላሸም» አለ ቀስ ብሎ።

«ዝም በለኝ እስቲ ሙሀይሚን! አንተ አግብተሃል!»

ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰ። እሷ ግን ነገሩን መተው አቃታት። ሳምንቱን ሙሉ ስታስተምር፣ ስትበላ፣ ተኝታ ስትገላበጥ፣ አንድ ነገር እየተመላለሰ ነዘነዛት። ተናጋሪው ራሱ የሻረው ቃል ከሒሳቡ ይወጣል። ይህም የእሷ ሕግ ነው። አንድ ሰው «ተሳስቼ ነው» ካለ ቃሉ የለም ማለት ነው፤ ማንም አይመዝነውም። እትዬ ተናኘወርቅ የፊተኛውን ትተዋል፤ ከቀሩት ቃሎች የጋሽ ደበሌ የአሁኗ ብትሻር፣ አንዷ ብቻ፣ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይወጣል። ይህ ማጭበርበር አይደለም ብላ ራሷን አሳመነች። የሠራችው ሕግ ነዋ።

ቅዳሜ ጠዋት ቡኢ ወረደች። ጋሽ ደበሌ በዋናው መንገድ ዳር ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ተደራርቦ የቆመው ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ እሳቸው ለዓመታት ስለለመዱት አይሰሙትም። ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቃ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እንዴት ላድርግ ታዲያ?» አሉ ገና ምንም ሳትናገር።

«የፊተኛው ቃሌ ነው ትክክሉ ይበሉ። ለአቶ ተካ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«የፊተኛውን ለመሬት ብዬ ነው የተናገርኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

ጋሽ ደበሌ ከሚስማር ሳጥኑ ውስጥ የተጣመመ ሚስማር አንስተው አዩትና መልሰው ጣሉት። «አባቴ ነው ያስቆጠረኝ። ስሳሳት ጆሮዬን እየቆነጠጠ። ዘርጋ ላይ ስደርስ ሁለቱን ልጆቹን አንድ ላይ ያስጠራኛል፤ ይርዳው፣ ሽብሩ። ‹አሳደገ› ሲል ሰምቼው አላውቅም። ‹ወለደ› ነው ያለኝ።»

«እሳቸውም እኮ እዚያ አልነበሩም! ማንም እዚያ አልነበረም! የእትዬ ተናኘ አያት ሌላ ነገር አሏቸው፣ የእርስዎ አባት ሌላ አሉዎት፤ ሁለቱም የሰሙትን ነው የተናገሩት። ታዲያ እኔ በሰሚ ሰሚ ባል ልጣ?»

«እኔ አታግቢው አላልኩም ልጄ። አቶ ተካ ቁጠር አሉኝ፣ ቆጠርኩ።»

«መቁጠርዎ ነው ያጠፋኝ!»

የጭነት መኪና አለፈ። ቆርቆሮው ጮኸ። ማስተዋል እንባዋ እንዳይመጣ ስትታገል፣ ከእንባው ይልቅ ቀድሞ የወጣው ቃል ነበር። «አባቴ ቢኖር ይልልኝ ነበር።»

እንዳለችው ወዲያው ምላሷን መንከስ አማራት። በዚያ ቤት ባደገችበት ዘመን ሁሉ ይህን ቃል ተናግራ አታውቅም፤ ስትቀጣም፣ ስትከለከልም። ጋሽ ደበሌ አልተቆጡም። ከወንበራቸው ተነስተው ወደ ውጭ ወጡ፤ አንድ የወደቀ ቆርቆሮ አነሱና ከሌሎቹ ጋር ደረደሩት። ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም።

«እሺ» አሉ። «እላለሁ።»

ማመስገን ነበረባት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች፤ ለራሷም የባዳ ሰው ምስጋና ሆኖ ተሰማት። ወደ መናኸሪያ ስትሄድ ግን ለቴዲ ደወለች፤ «አልቋል» አለችው። ቴዲ በስልኩ ውስጥ ጮኸ፤ አጠገቡ የቆመ ፓምፕ እንኳ ከጩኸቱ የበለጠ ድምፅ አልነበረውም።

በተከታዩ እሁድ ያ ሁሉ ዘመድ አልተጠራም፤ አቶ ተካ «ወሬኛ አልፈልግም» ብለው ነበር። እትዬ ተናኘወርቅ፣ ጋሽ ደበሌ፣ ሁለቱ ልጆችና እሳቸው ብቻ ተቀመጡ። ቴዲ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ክትፎ ተዘጋጅቶ ጓዳ ውስጥ ይጠብቃል፤ ሽታው እስከ ሳሎን ይመጣል።

«እህ ደበሌ» አሉ አቶ ተካ። «ሁለት ቃል አለህ። የትኛው ነው ያንተ?»

«የፊተኛው» አሉ ጋሽ ደበሌ። «ሽብሩ የማደጎ ልጅ ነው። ባለፈው ተሳስቼ ነው።»

«ተሳስተህ?»

«እርጅና ነው።»

ማስተዋል ትንፋሿን ለቀቀች። ቴዲ ከማዶ አይቷት ዓይኑ እስኪጠፋ ፈገግ አለ። ደስታው ግን እንደጠበቀችው አልመጣላትም፤ ጋሽ ደበሌ «እርጅና ነው» ሲሉ ድምፃቸው የሆነ ቦታ ወጋት። እያንዳንዱን ደንበኛ በስሙ የሚያውቁ፣ የስንት ቤት ቆርቆሮ ልክ በቃላቸው የያዙ ሰው ናቸው። ግድ የለም አለች በልቧ። ይለፍ ብቻ። ቶሎ ይለፍ።

አቶ ተካ ለምርቃቱ ሊነሱ ወንበራቸውን ገፋ አደረጉ።

«ቆይ» አሉ እትዬ ተናኘወርቅ።

«ደግሞ ምን ቀረ?» አለ ቴዲ። «እትዬ፣ ያልሽውን እኮ ነው ያሉት!»

«አንተ ዝም በል። የኔ ልጅ ነው የሚያገባው፣ እዚህ ቤት የሚኖሩትም ልጆቹ ናቸው። ይሄ ሰውዬ አንዴ እንዲያ አለ፣ አንዴ እንዲህ አለ፣ አሁን ደግሞ ተመልሶ እንዲያ አለ። ነገ ልጅ ታሞባቸው፣ ወይ ያ መሬት እንደገና ተነስቶ፣ ሌላ ቃል ቢያወጣስ? እኔ በበኩሌ እምላለሁ።» እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «ቴዲ ይሙት፤ ሽብሩ ከዘርጋ አልተወለደም! ይኸው። ያያቴን ቃል አምነዋለሁ። አሁን አንተ ማል።»

«ቃሌን ሰጥቻለሁ» አሉ ጋሽ ደበሌ።

«ቃልህማ ብዙ ነው። መሐላህን ነው የምፈልገው። በምትወደው ማል። ልጅ የለህም፤ ያለችህ እሷ ናት። ‹ማስተዋል ትሙት፣ ሽብሩ ከዘርጋ አልተወለደም› በልና ተነሥተን እንመርቃቸው።»

አቶ ተካ ለመቃወም አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ተዉት። እትዬ ተናኘወርቅ የጠየቁት ነገር ከልክ ያለፈ አልነበረም። በዚህ አገር ሰው ዳቦ ሲገዛም እገሌ ይሙት ይላል።

 ጋሽ ደበሌ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ማስተዋል ጠበቀች። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። መሐላ ማስረጃ አይሆንም፤ ቃል ሰው አይገድልም፤ ይህን ሁሉ እሷ ታውቃለች፣ ለማንም ማስረዳት ትችላለች። ለእሳቸው ግን እንዴት ታስረዳቸው?

«ይበሉት ጋሼ» አለች። «ቃል ነው። እኔ ምንም አልሆንም።»

ቀና ብለው አዩዋት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ስሟን የሚጠሩ መሰላት። አልጠሩም።

«ይበሉት!» ጮኸች። ሽማግሌ ፊት እንዲህ ጮሃ አታውቅም፤ ከወንበሯ ተነስታ እንደቆመችም ያወቀችው ቴዲ ክንዷን ሲይዝ ነው። «ሌላውን ብለውት የለ? ይህቺን ምን አስቸገረዎት? ‹ትሙት› ይበሉ!»

«ልዋሽልሽ መጥቼ ነበር» አሉ ጋሽ ደበሌ። «እሺ ብዬሽ መጥቻለሁ፤ ዋሽቼልሻለሁም። በአንቺ ግን አልምልም።» ከዚያ ወደ አቶ ተካ ዞሩ። «ሽብሩ የዘርጋ ልጅ ነው። እኔ የማውቀው ይህንን ነው። እሷ ደግሞ የኔ ናት።»

 እትዬ ተናኘወርቅ ያሸነፉ አልመሰሉም። በገዛ አፋቸው ልጃቸው ላይ የማሉትን ሴት ማንም ዋሽተሻል ሊላቸው አይችልም፤ እምቢ ያሉትን ሰውዬም እንዲሁ። አቶ ተካ አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሱ። «ሁለታችሁንም አምናችኋለሁ» አሉ በደከመ ድምፅ፣ «ስለዚህ መመረቅ አልችልም።» ይህን ብለው ወጡ።

ቴዲ ክንዷን ለቀቀ። «ማስቲ» አለ።  ወደ እትዬ ተናኘወርቅ ዞሮ አየ፤ ከዚያ ተቀመጠ። አብሯት ወደ በሩ አለመምጣቱን ማስተዋል አይታለች፤ ለምን እንደሆነም አልጠየቀችውም።

ከጋሽ ደበሌ ጋር ወደ መናኸሪያው በእግር ሄዱ። የእሁድ ገበያተኛ ይተራመሳል፤ ረዳቶች «ቡኢ! አዲስ አበባ!» እያሉ ይጣራሉ።  ብትናገር የምትለውን ታውቀዋለች፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያሳደጉኝ ለዚህ ነው ወይ ልትላቸው ነበር፣ ከዚያም የባሰ ነገር ነበራት። በሕይወቷ ሰውን እንዲህ አጥብቃ ጠልታ አታውቅም። እሳቸው ከጎኗ ያነክሳሉ፤ ለሰርጉ የገዙት ጫማ እግራቸውን ሳይነክሳቸው አልቀረም።

አስፋልቱን ሲሻገሩ አንድ ባጃጅ እየበረረ መጣ። ማስተዋል ክንዳቸውን አጥብቃ ያዘች። ተሻገሩ። ከተሻገሩም በኋላ አልለቀቀችውም።